የበርናት ክላይን ካፖርት፦ ቀለም የፈራ ሁሉ ይየው!

ኧረ የሰው ያለህ! እንዲህ ያለ ጨርቅ በዚህ ምድር ላይ ተሸምኖ፣ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ሴቶች ለብሰውት አደባባይ ወጥተውበት ሳለ እኛ ስንቱን ክረምት በጥቁር ጃኬት ተሸፋፍነን አሳለፍነው? ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ ለጋ አረንጓዴ፣ ደማቅ ቀይ፣ ሁሉም በአንድ ካፖርት ላይ! ሲነገር የሠርግ ዳስ ይመስላል። ሲታይ ግን ጭራሽ ሌላ ነው፤ ቀለማቱ አይሻሙም፣ አይጯጯሁም፣ ዓይን አያደክሙም። ተስማምተው ይደምቃሉ። ይህን ጨርቅ ካየሁ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝም፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አቁሜ ስለ ካፖርት የማወራ ሰው ሆኛለሁ።

ባለሙያው በርናት ክላይን ይባላል። ስለ 1960ዎቹ ፋሽን ሲነሳ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቶሎ የሚጠሩት ሌሎች ናቸው፦ አጭር ጉርድን በለንደን ጎዳና ያስለመደችው ሜሪ ኳንት፣ በ1964 ነጭና ብርማ የጠፈር ዘመን ልብሶችን ያወጣው አንድሬ ኩሬዥ፣ በ1965 የሞንድሪያንን ሥዕል ቀሚስ ላይ ያወረደው ኢቭ ሳን ሎራን። የክላይን ስም የሚዘለለው እሱ በዋናነት የሠራው ጨርቁን ስለሆነ ነው። ልብስ የሰፋው ይመሰገናል፤ ጨርቁን ያበጀውን ማን ያስታውሰዋል! እኔ ግን የዚያን ዘመን ልብሶች ሁሉ ደርድራችሁ አንዱን ምረጪ ብትሉኝ፣ ሳላመነታ የማነሳው በክላይን ጨርቅ የተሰፋውን ካፖርት ነው።

ታሪኩ ራሱ መጽሐፍ ይወጣዋል። ክላይን በ1922 በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ በዛሬዋ ሰርቢያ፣ ሴንታ በምትባል ከተማ ከአይሁዳውያን ጨርቅ ነጋዴዎች ቤት ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1938 ለሃይማኖት ትምህርት ወደ ኢየሩሳሌም ተላከ። ልቡ ግን ወደ ጥበብ አደላና ቤጻልኤል በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። በአውሮፓ ጦርነቱ ሲነድ እናቱን ናዚዎች በአውሽዊትዝ ገደሏቸው። ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 ክላይን ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የጨርቅ ቴክኖሎጂ ተማረ፤ ኋላ የትዳር አጋሩ የሆነችውን፣ የሹራብ ሙያ የምታውቀውን ማርጋሬትንም ያገኛት እዚያው ነው። ከዚያ ወደ ስኮትላንድ ወጣና በ1952 ጋላሺልስ በምትባል የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ከለርክራፍት የተሰኘ የራሱን ድርጅት ከፈተ።

እስቲ አስቡት! ጋላሺልስ ያለችው በደቡብ ስኮትላንድ፣ ትዊድ የሚባለው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ለትውልዶች በተሸመነበት አገር ነው። ያ ጨርቅ ደግሞ ቡናማ፣ አመድማና ጭቃማ አረንጓዴ ነበር፤ ለአደንና ለዝናብ የተሠራ ቆፍጣና ጨርቅ። ከሞቃት የምሥራቅ ሜዳ የመጣው ሰው ያንኑ የአገሬውን ሱፍ፣ ያንኑ የአገሬውን መሸመኛ፣ ያንኑ የአገሬውን ሸማኔ ይዞ፣ ጨርቁን በአበባ ቀለም ሞላው። ከየት አመጣው ካላችሁ፣ መልሱ ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየው ነው፦ ከጽጌረዳ ቅጠል፣ ከድንጋይ ሽበት፣ በመከር ከሚረግፍ ዛፍ። ተራ ሰው ግራጫ ድንጋይ በሚያይበት ቦታ እሱ ቢጫ፣ ውሃ ሰማያዊና ዝገት መሳይ ቀይ ያያል።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር እንግባ፤ እኔን ያሳበደኝ ይሄ ነውና። በተለመደው አሠራር ቱባው ክር በሙሉ አንድ የቀለም ገንዳ ውስጥ ይነከርና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ክላይን ግን ቱባውን ከፋፍሎ ያስነክረዋል፤ አንዱ ጎን ቀይ ገንዳ፣ ሌላው ብርቱካናማ፣ ሌላው ሮዝ። ቀለሞቹ በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ አንዱ ወደ ሌላው ይሰርጋል። እንዲህ ሆኖ የወጣው ነጠላ ክር በእጅ ቢተረተር በየስንዝሩ ቀለም ይቀይራል። ያ ክር ድርና ማግ ሆኖ ሲሸመን ቀይ ያረፈበት ቦታ ቀጥሎ ሮዝ ይመጣል፣ ከሥሩ ብርቱካናማ ብቅ ይላል፤ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚወድቅ ሸማኔውም አስቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ ጨርቁ ቢለካ ቢሜተር ሁለት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት አይሆንም።

ይሄ ብቻ መሰላችሁ? ገና ነው! ክሩ ሞሄር ነው፤ ማለትም የአንጎራ ፍየል ጸጉር፣ ብርሃን ሲነካው የሚያብረቀርቅ። ከተሸመነ በኋላ ተቦርሾ ጸጉሩ ወደ ላይ ስለሚነሳ ቀለማቱ ጠርዝ አይኖራቸውም፤ በስሱ የተነሳው ጸጉር አንዱን ከሌላው ያዋህደዋል። አንዳንዱ ክር ቀጭን፣ አንዳንዱ እብጥ እብጥ ያለ ነው። በአንዳንዶቹ ጨርቆች ላይ ደግሞ በሱፉ መካከል ቀጫጭን የከፋይ ሪባን ገብቶ ተሸምኗል። ከፋይ በትዊድ ውስጥ! ሱፉ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ከፋዩ ውጦት ጠለቅ ያለ ጥላ ይሰጣል። አንዱን ጨርቅ ቀረብ ብዬ ሳየው፣ ከራቅ ያለ ቦታ አንድ ወጥ ቀይ የመሰለኝ ነገር ውስጥ ወይን ጠጅ፣ ሮዝ፣ ብርቱካናማና እፍኝ የማትሞላ አረንጓዴ ተሰግስጋለች። ያቺ አረንጓዴ ባትኖር ቀዩ ይህን ያህል አይነድም ነበር። ክላይን የፈረንሳዊው ሠዓሊ የዦርዥ ሰራ አድናቂ ነበር፤ ሰራ ነጠላ የቀለም ነጠብጣቦችን ጎን ለጎን አኑሮ ማቀላቀሉን ለተመልካቹ ዓይን ይተው ነበር። ክላይን ያንን ዘዴ ከሸራ አውርዶ ትከሻ ላይ አኖረው።

ፓሪስ ይህን አይታ ዝም አላለችም። ኮኮ ሻኔል ለ1963 የጸደይና የበጋ ልብሶቿ የክላይንን ሞሄር ትዊድ መረጠች። ትዊድን ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት ናት! ከዚያ ወዲያ በሩ ተበረገደ፤ እነ ዲዮር፣ ባለንሲያጋ፣ ፒየር ካርዳንና ሳን ሎራን ሁሉ የጋላሺልስን ጨርቅ ፈለጉ። እኔን ግን የሚገርመኝ ከዚህም በላይ ነው። የዚያ ዘመን ስመ ጥር ልብሶች ቀለምን በአጥር ከልለው ነበር የሚያኖሩት፦ ነጩ እዚህ፣ ቀዩ እዚያ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር መስመር። ከሩቅ ያስደነግጣል፣ ያምራል፣ ከቅርብ ግን የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። የክላይን ጨርቅ ከሩቅ ይጠራችኋል፣ ስትቀርቡ ያስቆማችኋል፣ አፍንጫችሁ እስኪነካው ብትጠጉ ገና አዲስ ቀለም ያወጣላችኋል።

ጨርቁም ዘመኑን አግኝቷል። የ1960ዎቹ ካፖርት አቆራረጡ እጅግ ቀላል ነው፤ ከትከሻ ጀምሮ ወደ ታች በትንሹ እየሰፋ ይወርዳል፣ ወገብ አያጠብቅም፣ ጉልበት ላይ ወይም ከጉልበት ከፍ ብሎ ያልቃል። ኮሌታው ትንሽና ክብ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ቁልፎቹ ትልልቅና ጥቂት ናቸው፤ እጅጌው ብዙ ጊዜ ከእጅ አንጓ አጠር ይላል። ስፌቱ ጨርቁን አይቆራርጠውም፤ ደረቱም ጀርባውም ሰፊ ባዶ ሜዳ ሆኖ ለቀለሙ ይለቀቃል። ለዚህ ነው እነዚህ ካፖርቶች ስልሳ ዓመት አልፏቸው እንኳ ያላረጁት። ማስጌጫ የለባቸውማ! የሚያረጀው ማስጌጫ ነው።

ክላይን ሠዓሊም ነበር። የዘይት ቀለምን በሥዕል ቢላ ወፍራም አድርጎ ይለጥፍና ከሥዕሎቹ ጨርቅ ይወልዳል፤ በ1960ዎቹ መገባደጃ ላይ የሥዕሎቹን ፎቶ አጉልቶ በፖሊስተር ጨርቅ ላይ ያሳትም ነበር። ፒተር ዎመርስሊ የተባለው አርክቴክት በሴልከርክ አቅራቢያ ሃይ ሰንደርላንድ የተሰኘ ቀለል ያለ፣ ብዙ መስታወት ያለው ቤት ሠራለት፤ ቤቱም በ1950ዎቹ መጨረሻ ተጠናቀቀ። በ1972 ደግሞ እዚያው አጠገብ በኮንክሪትና በመስታወት ስቱዲዮውን አቆመለት። በ1965 ያሳተመው መጽሐፍ አይ ፎር ከለር ይባላል፤ የሚለብሱትን ቀለም የመምረጫ ዘዴውን ያስተማረውም በዚያው ዘመን ነው። ዘዴው ምን መሰላችሁ? ዓይናችሁን ተመልከቱ! በቃ! ከገዛ ዓይናችሁ ውስጥ ያሉትን ቀለሞች ለቅማችሁ ልበሱ ነው የሚለው።

መቼም «የእኛ ዓይን ጥቁር ነው፣ ምን ይለቀማል?» የሚል አይጠፋም። መስኮት አጠገብ ቁሙና መስታወት ያዙ። ብሌኑን የከበበው ቀለበት ጥቁር አይደለም፤ ጠርዙ ላይ የተቆላ ቡና፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ማር፣ ብርሃን በጎን ሲመታው መዳብና ዝገት ይወጣበታል። አንዳንዱ ሰው ላይ ወይራማ አረንጓዴም ታገኛላችሁ። መዳብማ ካፖርት፣ በውስጡ የማርና የወይራ ነቁጥ ያለበት፣ በጠይም ወይም በቀይ ዳማ ፊት አጠገብ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ? ፊቱን ያበራዋል! ጥቁር ጃኬት ሺህ ዓመት ቢለበስ ይህን አያደርግም።

እንግዲህ ዛሬ እንዴት ይለበስ? የክላይን ጨርቅ ራሱ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ባለብዙ ቀለም ካፖርት ስትለብሱ ከሥሩ የምታደርጉትን ልብስ ከጨርቁ ውስጥ ምረጡ። ያውም በብዛት የተሸመነውን ቀለም ተዉት፤ በጣም ጥቂት የሆነውን፣ ቀረብ ብሎ ካልታየ የማይገኘውን ፈልጉ። ቀይ ካፖርት ውስጥ ያቺ እፍኝ የማትሞላ አረንጓዴ ካለች፣ አረንጓዴ ሹራብ ልበሱ። ሰው ሲያያችሁ ልብሱ ለምን እንደተስማማ አይገባውም፤ መስማማቱ ግን ይታወቀዋል። ቀዩን በቀይ ሹራብ ካጀባችሁት ግን ካፖርቱ አንድ ቀለም ብቻ የያዘ መስሎ ይሞታል።

የቀረው ነገር ሁሉ ዝም ይበል። አበባ ያለበት ሸሚዝ፣ መስመር ያለበት ሱሪ፣ ጽሑፍ ያለበት ቦርሳ ቤት ይዋል። ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ቀጥ ያለ፣ ከላዩ ወጥ ሹራብ፣ ከሥሩ ነጭ ስኒከር ወይም አጭር ቦት ጫማ፤ ይህ ለሥራም ለከተማም ይበቃል። ማታ ከሆነ ከካፖርቱ እምብዛም የማይረዝም ቀጥ ያለ ቀሚስ፣ ወፍራም ጥቁር ስቶኪንግና ዝቅ ያለ ታኮ። ኮሌታው ትንሽ ስለሆነ አንገት ይታያል፤ ስለዚህ ትልቅ የአንገት ጌጥ አያስፈልግም፣ ትንንሽ የወርቅ ጉትቻ ይበቃል። ጸጉር ደግሞ አፍሮ! አፍሮ ከክብ ኮሌታ በላይ ሲያርፍ ያለውን ግርማ የትኛውም ሻርፕ አይተካውም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ካፖርቱንም፣ ነጩን ረጅም ቦትም፣ ወፍራሙን ኩልም፣ ክቡን መነጽርም በአንድ ቀን አታድርጉ። ያ ቲያትር ነው። ከ1960ዎቹ ካፖርቱን ብቻ ውሰዱ፣ ሌላው የዛሬ ይሁን።

ወንዶችም አትሩጡ። ደማቅ ካፖርት ከከበዳችሁ በዚሁ አሠራር የተቀለመ የሞሄር ሻርፕ አለ፤ ክላይንም ገና ሲጀምር ለብሪታንያ ትልልቅ መደብሮች ሻርፕ ሠርቶ ሸጧል። ግራጫ ካፖርት ላይ ብርቱካናማና ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት ሻርፕ ጣል አድርጋችሁ እስቲ ውጡ፤ ማን እንዳማረበት ይታያል።

በውጭ አገር ላላችሁ እህቶች ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለኝ። ለገና ወይም ለጥምቀት፣ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ብርድ፣ ያንን የመሰለ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰን ከላይ የምንደርበው ምንድን ነው? ጥቁር የተነፋ ጃኬት! ጥበቡ ይሸፈናል፣ ነጩ ይጠፋል፣ አለባበሳችን ሁሉ ጥቁር ይሆናል። በምትኩ የጥበቡን ጠርዝ ተመልከቱ። ወርቃማ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ካለበት፣ እነዚሁ ቀለሞች የተሰባጠሩበት፣ አንገቱ ክፍት የሆነ የሱፍ ካፖርት ደርቡ። ረጅሙ ቀሚስ ከሥር እየወረደ፣ ጥበቡ ደረት ላይ እየታየ፣ ካፖርቱ ከጥበቡ ቀለም ሲቀበል እዩት። የሽመና ሥራ ከሽመና ሥራ ጋር መቼ ይጣላና!

የት ይገኛል? ከሆነላችሁ በየአሮጌ ልብስ ቤቱና በየጨረታው የበርናት ክላይን ስም የተሰፋበት ምልክት ያለው ይገኛል፤ ከተገኘ እንዳትለቁት። ካልተገኘ ግን ካፖርቱ የግድ የእሱ መሆን የለበትም፤ ትምህርቱ የእሱ ይሁን። ሰልባጅ ስትገለብጡ የሱፍ ካፖርት ባያችሁ ቁጥር ወደ ብርሃን ውጡና ክሩን በጣታችሁ ፈልቅቃችሁ እዩ፤ አንድ ወጥ መስሎ ውስጡ ሦስት አራት ቀለም ያለው ስንት አለ! ብል የበላው ከሆነ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ቀዳዳው ይታያል፤ ብብቱንና ገበሩን ፈትሹ። ገበር ቢቀደድ ይቀየራል፣ ሱፉ ካለቀ ግን አለቀ። ቁልፉ ካላማረ በትልልቅ ክብ ቁልፎች ቀይሩት፤ ካፖርቱ በአንድ ከሰዓት ሌላ ሰው ይሆናል።

ልብስ ሰፊ ካላችሁ ደግሞ ጨርቅ ገዝታችሁ አሰፉ። አቆራረጡ ቀላል ነው ብያለሁ። ጸጉር ያለው ሱፍ ከሆነ ግን ሁሉም ቁራጭ ጸጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሆኖ ይቆረጥ፤ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ከሆነ በብርሃን ሲታይ ቀለሙ የተለያየ ይመስላል። ገበሩን ከጨርቁ ውስጥ ካሉት ቀለሞች በአንዱ አድርጉት፤ ካፖርቱ ሲከፈት ብልጭ የምትል ብርቱካናማ ገበር፣ አቤት ደስ ስትል! ቤት ስትመለሱ ወፍራም መስቀያ ላይ ስቀሉት፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፣ ማሽን ውስጥ ግን አትክተቱት፤ ሱፍ በማሽን ይጨማተርና ያጥራል።

ክላይን በ1973 ከብሪታንያ መንግሥት የሲቢኢ ኒሻን ተቀበለ፣ በ2014 በ91 ዓመቱ አረፈ። ኤድንብራ የሚገኘው የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም የሥራዎቹን ስብስብ ይዟል፤ ከ2022 እስከ 2023 የመቶኛ ዓመቱን ኤግዚቢሽን አሳይቷል። በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ ግቡና ጠይቁ፤ ጨርቅ አይታችሁ እንዲህ ትደሰቱ እንደሁ እዩ።

«ይህን ለመልበስ ድፍረት ይጠይቃል» የሚሉኝ አሉ። እኔ በጭራሽ አልስማማም። ወጥ የሆነ ደማቅ ቀይ ካፖርት ድፍረት ይጠይቃል፤ ከጎኑ የሚቆምለት የለማ። ክላይን ግን ለእያንዳንዱ ቀለም አጃቢውን እዚያው ክር ላይ ሰጥቶታል፤ ከለባሹ የሚፈለገው ቀረብ ብሎ ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ፣ ገበያው ሳይወደድ፣ አሁኑኑ ተነሱ! ጨርቁን ፈልጉ፣ ትንሿን ቀለም ለዩ፣ ሹራባችሁን በእሷ ምረጡና ውጡ። «ከየት ገዛሽው?» ብሎ መንገድ ላይ የማያስቆማችሁ ሰው ከተገኘ እኔን ጥሩኝ፤ እኔው መጥቼ አስቆማችኋለሁ!